ላዳና ቮልስ ላይ የኋላ ስታብላይዘር ስትገጥሙ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ጅማ ላይ አሮጌ ላዳ ወይም ቮልስ የሚነዳ ሰው ሁሉ አንድ ቅሬታ አለው፦ መኪናው ኩርባ ላይ ይጋደማል። በተለይ ወደ ግቤ ሲወረድ። ጋራዥ ስትሄዱ መልሱ ቶሎ ይመጣል፤ «የኋላ ስታብላይዘር ግጠምበት»። የግራና የቀኝ ጎማዎቹን አያይዞ መጋደሙን የሚቀንስ የብረት ዘንግ ማለት ነው። ይገጠም፣ ግን ቀስ ብለን።

የመጀመሪያው ስህተት ያረጀውን ሳይቀይሩ አዲስ ብረት መጨመር ነው። ሾክአብዞርበሩ ዘይት እያፈሰሰ፣ ጎሚኒው (በብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ ያለው ላስቲክ) ተሰነጣጥቆ፣ ሞላው ተኝቶ ስታብላይዘር ምን ያደርጋል? መጀመሪያ እነሱን ጨርሱ። ብዙ ጊዜ ቅሬታው እዚያው ያልቃል።

ሁለተኛው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ላዳ ላይ የሠራ ቮልስም ላይ ይሠራል ብሎ ማሰብ። የኋላ ስታብላይዘር መኪናው እንዳይጋደም ሲይዝ ክብደቱን ወደ ውጭኛው የኋላ ጎማ ይገፋል፣ ስለዚህ የኋላው አስፋልት የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ላዳ ሞተሩ ፊት ስለሆነ፣ ኩርባ ላይም ፊቱ ወደ ውጭ መሄድ ስለሚወድ፣ ትንሽ ቢጨመርበት ይስተካከላል። ቮልስ ግን ሞተሩ ኋላ ነው፤ የድሮዎቹ ላይ ደግሞ የኋላ ጎማዎቹ ከአክሱ (ጎማውን ከያዘው ዘንግ) ጋር አብረው እየተጋደሙ ነው የሚወዛወዙት። እዚያ ላይ ወፍራም ብረት ከኋላ ከገጠማችሁ ዝናብ ላይ ጭራው ይቀድማችኋል። በአውሮፓውያን የ1967 ሞዴል ላይ ፋብሪካው ከኋላ የጨመረው ብረት ስታብላይዘር ቢመስልም ሥራው ሌላ ነው፤ ሁለቱ ጎማዎች አብረው ሲወጡና ሲወርዱ ይይዛል እንጂ መጋደምን አይከለክልም። እሱን አይታችሁ እንዳትሸወዱ። ለቮልስ የፊቱን ማጠንከር ይሻላል።

ሦስተኛው «ወፍራም ከሆነ ጥሩ ነው» ማለት። የብረቱ ጥንካሬ በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ነው የሚያድገው፦ 16 ሚሊሜትሩን በ19 ብትቀይሩት ጥንካሬው ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ በዓይን ግን ልዩነቱ ምንም አይመስልም። ሲበዛ የውስጠኛው የኋላ ጎማ ይቀልልና ባዶውን ይሽከረከራል። በክረምት የጅማን ጭቃ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም።

ከሌላ መኪና የተነቀለ ብረት በእሳት አሙቆ ማጠፍስ? እባካችሁ ተዉ። የስፕሪንግ ብረት ነው፤ ሲሞቅ ጥንካሬውን ያጣል፣ ከተበየደ ደግሞ ብየዳው አጠገብ ይሰበራል። መያዣውንም ስስ ላሜራ ላይ አትበይዱ፤ ጠንካራ ቦታ ይፈለግለት። ላዳ ላይ የነዳጁ ታንክ ከኋላ ሻንጣው ውስጥ በቀኝ በኩል መሆኑን ለበያጁ መንገር አይከፋም።

ሌላው፣ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው እያለ ሁሉንም ማጥበቅ ነው። ጎሚኒዎቹ ያለ ቦታቸው ተጠምዝዘው ይቀራሉ፣ ቶሎም ይበጠሳሉ። ቡሎኖቹን በእጅ ያዝ አድርጉ፣ መኪናውን ጎማው ላይ አውርዱ፣ ከዚያ አጥብቁ። ጎሚኒውን በተራ ግራሶ አትቀቡት፤ ዘይቱ ላስቲኩን ይበላዋል፣ ሲሊኮን ያለው ይሁን።

ክፍተቱንም ለኩ። አክሱ እስከ መጨረሻው ሲወጣም ሲወርድም ብረቱ የፍሬን ቱቦውን፣ የእጅ ፍሬን ገመዱን ወይም ማርሚታውን መንካት የለበትም።

ለሙከራ የጅሬን ዳገት ጥሩ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ሲሆንና ሰው ሳይበዛ፣ በቀስታ። ስትመለሱ ከሥር ገብታችሁ ቡሎኖቹን እንደገና አጥብቁ፤ ብረቱ የፋቀው ቦታ ካለም ያኔ ታዩታላችሁ።