በቀጥታ ስርጭት ላይ የጊዜ ማህተምን በራስ ኮድ መሙላት

ሐዋሳ ጉዱማሌ ላይ የፊቼ ጫምባላላ በዓል ሲከበር፣ ምስሉ በካሜራ፣ ድምፁ ደግሞ ለብቻው በተተከለ ማይክሮፎን ተቀርጾ በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋል እንበል። የመራቂው ሽማግሌ ከንፈርና ቃሉ ተመልካቹ ዘንድ ሲደርሱ እንዲገጥሙ መሠረት የሚሆነው በእያንዳንዱ ፓኬት (በኔትወርክ የሚላክ የመረጃ ቁራጭ) ራስጌ ላይ የሚጻፈው የጊዜ ማህተም ነው። ዝግጁ የስርጭት ፕሮግራሞች ይህን ቁጥር ራሳቸው ይሞሉታል፤ ፍሬሞችን (የቪዲዮውን ነጠላ ምስሎች) በራሱ ኮድ አዘጋጅቶ በአርቲፒ (RTP፣ ምስልና ድምፅን በቀጥታ ለማስተላለፍ በሚያገለግል ፕሮቶኮል) የሚልክ ባለሙያ ግን ስሌቱን ራሱ መሥራት ይኖርበታል።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፣ ማህተሙ ፍሬሙ የተቀረጸበትን ቅጽበት እንጂ ፓኬቱ የተላከበትን ቅጽበት እንደማያመለክት ነው። ፓኬቱ ሊወጣ ሲል ሰዓት አንብቦ መጻፍ ቀላል ቢመስልም፣ ምስሉን የሚጨምቀው ኤንኮደር አንዱን ፍሬም ፈጥኖ ሌላውን ዘግይቶ ሲጨርስ የሚፈጠረው መዛባት በሙሉ ወደ ማህተሙ ይገባል። ተቀባዩ በኔትወርኩ ላይ የተፈጠረውን መዘበራረቅ ማቃናት የሚችለው ማህተሙን አምኖ ስለሆነ፣ ማህተሙ ራሱ ከተዛባ የሚያቃናበት ነገር አይኖረውም። ስለዚህ ጊዜው ፍሬሙ ከካሜራው እንደደረሰ ይያዝ፤ የሚነበበውም የግድግዳ ሰዓቱን የሚመስለው ሳይሆን፣ የኮምፒውተሩ ሰዓት ሲታረም ወደ ኋላ የማይዘለው፣ ሁልጊዜ ወደፊት ብቻ የሚቆጥረው የሲስተሙ ሰዓት ይሁን።

ማህተሙ 32 ቢት ያለው ቁጥር ሲሆን የሚቆጠረውም በሚሊሰከንድ ሳይሆን እንደሚላከው ነገር ዓይነት በሚለያይ የሰዓት ምት ነው። ለቪዲዮ በሰከንድ 90,000፣ ኦፐስ በተባለው አሠራር ለተጨመቀ ድምፅ 48,000፣ ለቆየው የስልክ ድምፅ ጂ 711 ደግሞ 8,000 ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም የሚቀርጽ ካሜራ በየፍሬሙ 3,600 ይጨምራል፤ 30 ፍሬም የሚቀርጽ 3,000 ይጨምራል፤ የ20 ሚሊሰከንድ የኦፐስ ፓኬት ደግሞ 960 ይጨምራል። የመጀመሪያው ቁጥር ዜሮ ሳይሆን በዘፈቀደ የተመረጠ እንዲሆን በ2003 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአርቲፒ ደረጃ ሰነድ አርኤፍሲ 3550 ይመክራል።

ብዙ ስርጭት የሚበላሸው በማጠጋጋት ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም ሲሆን የአንዱ ፍሬም ርዝመት 33.33 ሚሊሰከንድ ነው፤ ኮዱ 33 ብሎ ቢያጠጋጋ በየፍሬሙ 3,000 መሆን የነበረበት 2,970 ይሆናል። ሰላሳ ቁጥር ምንም አይመስልም፤ ነገር ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ 108,000 ፍሬሞች ስለሚያልፉ ምስሉ ከድምፁ 36 ሰከንድ ይራራቃል። መፍትሔው የተጠጋጋ ቁጥር እየደመሩ መሄድን መተው ነው። ከመጀመሪያው ፍሬም ጀምሮ ያለፈውን ጊዜ በናኖሰከንድ ይያዙ፣ ለቪዲዮው የ90,000 ምት በ9 ያባዙ፣ ለ100,000 ያካፍሉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መነሻውን ቁጥር ይደምሩ። ማባዛቱ ይቅደም፤ ስሌቱም በ64 ቢት ይሠራ፤ ወደ 32 ቢት የሚቆረጠው በመጨረሻ ነው። ይህ መንገድ ካሜራው በጨለማ የፍሬሙን ፍጥነት ሲቀንስም አይሳሳትም።

አንድ ትልቅ ፍሬም በብዙ ፓኬቶች ይከፋፈላል። ሁሉም አንድ ዓይነት ማህተም ይይዛሉ፤ በየፓኬቱ አንድ የሚጨምረው ተራ ቁጥሩ ነው፤ የፍሬሙን ማብቂያ የሚጠቁመው ማርከር ቢትም የሚበራው በፍሬሙ የመጨረሻ ፓኬት ላይ ነው። በድምፅ በኩል፣ ዝምታ ሲሆን ፓኬት መላክ የሚያቆም አሠራር ከተመረጠ፣ ተራ ቁጥሩ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ማህተሙ ግን በዝምታው ያለፈውን ጊዜ ጨምሮ መዝለል አለበት።

ምስልና ድምፅ የየራሳቸው የዘፈቀደ መነሻ ስላላቸው ተቀባዩ ሁለቱን ቁጥሮች በቀጥታ ማነጻጸር አይችልም። የሚያገናኛቸው በየጥቂት ሰከንዱ የሚላከው የአርቲሲፒ (RTCP፣ የአርቲፒ አጋዥ የቁጥጥር ፕሮቶኮል) የላኪ ሪፖርት ነው፤ ይህ ማህተም ከዚህ የዓለም ሰዓት ጋር እኩል ነው ብሎ ይነግረዋል። የሚጻፈው ማህተም ሪፖርቱ በሚወጣበት ቅጽበት የሚኖረው ስሌት እንጂ የመጨረሻው ፓኬት ማህተም አይደለም። የዓለም ሰዓቱ ከ1900 ጀምሮ ስለሚቆጠር፣ ከ1970 በሚነሳው የሲስተም ሰዓት ላይ 2,208,988,800 ሰከንድ ይደመራል። ምስሉና ድምፁ ከሁለት ኮምፒውተሮች የሚላኩ ከሆነ ሁለቱም ከአንድ የኤንቲፒ (በኔትወርክ ሰዓት የሚያስተካክል) ሰርቨር ሰዓታቸውን ይውሰዱ። በተለይ የኢትዮጵያን ሰዓት ለማንበብ ሲባል ሰዓቱ በእጅ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የተመለሰ ላፕቶፕ ካለ፣ ስርጭቱ ከመጀመሩ በፊት ይስተካከል፤ ያለዚያ ተቀባዩ ድምፁንና ምስሉን በፍጹም አያገናኛቸውም።

ጂስትሪመር የተባለውን የምስልና ድምፅ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር፣ ከራስ ኮድ ፍሬም በሚቀበለው አፕሶርስ በተባለ ክፍሉ በኩል የሚጠቀሙ ሰዎች የ90,000ውን ስሌት አይሠሩም። ፎርማቱን ታይም ብለው፣ ራሱ ማህተም የሚያደርገውን ምርጫ አጥፍተው፣ በየበፈሩ (ፍሬሙን በሚይዘው የመረጃ ክፍል) ፒቲኤስ፣ ማለትም የመታያ ጊዜ ቦታ፣ ላይ ናኖሰከንዱን ብቻ ይጽፋሉ፤ ወደ አርቲፒ ቁጥር የሚለውጠው ከአፕሶርስ ቀጥሎ ያለው ፓኬት አዘጋጅ ነው።

የ32 ቢቱ ቁጥር በቪዲዮ ከ13 ሰዓት ከሩብ ገደማ በኋላ ሞልቶ ከዜሮ ይጀምራል፤ መነሻው በዘፈቀደ ስለሆነ ግን ይህ በስርጭቱ የመጀመሪያ ደቂቃዎችም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በሙከራ ጊዜ መነሻውን ሆን ብለው 4,294,900,000 ያድርጉት። በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ ቁጥሩ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ይዞራል፤ የፓኬቶቹ ማህተም ዋየርሻርክ በተባለው የኔትወርክ መመርመሪያ ፕሮግራም ሲታይም፣ በተከታታይ ፍሬሞች መካከል ያለው ልዩነት በዚያ ቦታ ጭምር፣ ቁጥሩ በዜሮ ማለፉ ታስቦ ሲሰላ፣ 3,600 ገደማ መሆን አለበት።