አልወጣ ያለ የትራፓኖ ፑሌጃ፦ ምን ይዞት ነው?

አዳማ ውስጥ የብረታ ብረት ወይም የእንጨት ሥራ ቤት የገባ ሰው ጥግ ላይ የቆመ አሮጌ ትራፓኖ፣ ማለትም ብረትና እንጨት መብሻ ማሽን፣ አያጣም። እግሩ ከባድ ነው፤ አናቱ ላይ ባለደረጃ ፑሌጃ (ቺንጋ የሚዞርበት ክብ) አለው፤ ቀበቶው፣ ቺንጋው፣ ተሰነጣጥቋል። እኔ ከአዲሶቹ ቀላል ማሽኖች እነዚህን አስበልጣለሁ። ኩሽኔታ ከተቀየረላቸው ገና ብዙ ዘመን ይሠራሉ። ኩሽኔታውን ለመድረስ ግን መጀመሪያ ፑሌጃው መውጣት አለበት። ሥራው የሚቆመውም እዚያ ነው።

ያኔ አጠገብ የቆመ ሁሉ «በመዶሻ በለው!» ይላል። እባካችሁ አትበሉት። ቺንጋ ከሱቅ ይገኛል። ኩሽኔታም ቁጥሩ ተነቦ ይገዛል። የዚያ ዘመን ፑሌጃ ግን ከተሰበረ ምትኩን ማግኘት ከባድ ነው። ቶርኖ ቤት ማሠራት ይቻላል፤ ባለአራት ደረጃ ፑሌጃ ከድፍን አልሙኒየም አስቆርጦ ማውጣት ግን ርካሽ አይደለም። ደግሞም ፑሌጃ እንዲሁ እምቢ አይልም፤ የያዘው ነገር አለ። ያንን ካገኛችሁት ብዙ ጉልበት አያስፈልግም።

ከሁሉ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ። ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት አይበቃም። የሞተሩ ካፓሲተር ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል የሽቦ መያዣ ሳጥኑን አትክፈቱ። ቺንጋውን አውጡና አገጣጠሙን በስልክ ፎቶ አንሱ። የሞተሩና የስፒንድሉ (መብሻውን የሚያዞረው ዘንግ) ፑሌጃዎች ተገላብጠው ነው የሚገጠሙት፤ የአንዱ ትልቅ ደረጃ ከሌላው ትንሽ ደረጃ ትይዩ ይሆናል። መልሳችሁ ስትገጥሙ ፎቶው ይጠቅማችኋል።

ቪቴው ወጥቷል፣ ፑሌጃው ግን ንቅንቅ አይልም

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሁለተኛ ቪቴ ነው። ፑሌጃውን ሻፍቱ (የሚዞረው ዘንግ) ላይ የምትይዘው ራስ የሌላት፣ በአለንኪ (ባለስድስት ጎን ቁልፍ) የምትፈታ ቪቴ ናት። አንዳንድ ፋብሪካዎች እንዳትላላ ብለው አንድ ቀዳዳ ውስጥ ሁለት ቪቴ ያስገባሉ፤ የላይኛዋ የታችኛዋን ትቆልፋለች። ስለዚህ አንዷ ስትወጣ አለንኪውን መልሳችሁ ወደ ቀዳዳው ክተቱት። ከያዘ ሌላ አለ ማለት ነው።

በቀዳዳው ውስጥ ከሌለች በዙሪያው ፈልጉ። ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ ሩብ ዙር ርቃ፣ አንዳንዴም ቺንጋው በሚያልፍበት ቦይ ውስጥ ትቀመጣለች። የአዳማ አቧራ ከግሪስና ከቺንጋ ብናኝ ጋር ተደባልቆ ሲደርቅ እንደ ስቱኮ ስለሚደፍናት በዓይን አትታይም። በሽቦ ብሩሽና በናፍጣ እጠቡት። ከዚያ በስልክ መብራት እያያችሁ ቦዮቹን በሚስማር ጫፍ ዳስሱ።

የአለንኪው ልክ ላይ አትቸኩሉ። አሮጌ ትራፓኖ በኢንች የተሠራ ሊሆን ይችላል። የሩብ ኢንች ቪቴ 1/8 ኢንች ቁልፍ ትፈልጋለች፤ ይህም 3.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የ3 ሚሊ ሜትር አለንኪ ይገባላታል፤ ሲጠመዘዝ ግን ሾልኮ ጠርዟን ይበላዋል። ቁልፉ ገብቶ ትንሽ እንኳ ከተወዛወዘ አታዙሩት፤ ትክክለኛውን ፈልጉ።

የቪቴዋ አፍ ተበልቷል

ከእናንተ በፊት አንድ ሰው በማይሆን ቁልፍ ታግሏል ማለት ነው። ልኩ ጥቂት የሚበልጥ ባለኮከብ ቁልፍ በመዶሻ ቀስ አድርጋችሁ አስገቡና አዙሩ። ይህ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ካልሆነ መብሳት ነው። መሃሏን በፑንቶ (ነጥብ በሚያበጅ ሹል ብረት) ምቱ፤ በቀጭን መብሻ ጀምራችሁ እየጨመራችሁ ሂዱ። መብሻው የቀዳዳውን ክር ሳይነካ ቁሙና የቀረውን በመርፌ ልቀሙ።

ሻፍቱ ላይ ይዞራል፣ ጥቂት ይመጣና ይቆማል

እዚህ ፑሌጃው አልተጣበቀም። ቪቴዋ ሻፍቱን ወግታ ዙሪያውን ከንፈር አውጥታበታል። ፑሌጃው ያንን ከንፈር ማለፍ አቅቶት ነው። በግድ ከጎተታችሁት የፑሌጃውን ቀዳዳ እየፋቀ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሲገጠም ይንገዋለላል።

ወደ ኋላ መልሱት። አዎ፣ ወደገባበት። የተገለጠውን ሻፍት በቀጭን ሞረድና በሸራ ወረቀት አስተካክሉ፤ ዘይት ቀቡና እንደገና ወደ ፊት አምጡት። ወደ ኋላ ወደ ፊት እያላችሁ በየጊዜው ጽዱ። የሻፍቱ ጫፍ በድሮ መዶሻ ተጨፍልቆ ሰፍቶ ከሆነም በዚያው ሞረድ አስተካክሉት። ይህን ሳታደርጉ የትኛውም ፑለር (በእግሮቹ ይዞ የሚጎትት መሣሪያ) በደህና አያወጣውም።

ዝጎ ከሻፍቱ ጋር አንድ ሆኗል

ጊዜ የሚፈልገው ይሄ ነው። ዝገት የሚያስለቅቅ ዘይት በቪቴዋ ቀዳዳና በሻፍቱ ዙሪያ ጨምሩ። ማታ ጨምራችሁ ጠዋት ድገሙት። ቀን ላይ በእንጨት መዶሻ የፑሌጃውን እምብርት (ሻፍቱን ያቀፈውን መሃል) ዙሪያውን ቀለል አድርጋችሁ አንኳኩ። ማንኳኳቱ ዘይቱ እንዲሰርግ ነው እንጂ ፑሌጃውን ለማውጣት አይደለም።

ካልበቃ ሙቀት። መጀመሪያ ግን ፑሌጃው ከምን እንደተሠራ እወቁ። ማግኔት ካልያዘው አልሙኒየም ወይም የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ከያዘው ካስት (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ነው። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ይሰፋል። 19 ሚሊ ሜትር ሻፍት ላይ የተቀመጠ የአልሙኒየም ፑሌጃ ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ቢጨምር ቀዳዳው 0.035 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። ሻፍቱ አብሮት ቢሞቅ እንኳ የሚወፍረው 0.018 ገደማ ነው። ያቺ ልዩነት ዝገቱን ለመስበር ብዙ ጊዜ ትበቃለች።

ካስት ግን ሌላ ነው። ከብረት ሻፍት ጥቂት ያነሰ ነው የሚሰፋው። ሁለቱ እኩል ከሞቁ ጭራሽ ይጠብቃል። ስለዚህ ፑሌጃውን ብቻ በፍጥነት አሙቁ፤ ሻፍቱን በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዙ፤ ሙቀቱ ሻፍቱ ጋ ሳይደርስ ጎትቱ።

ሙቀት መለኪያ ከሌላችሁ የውሃ ጠብታ ጣሉበት። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ 95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጠብታው ጭስስ ብሎ ከተነነ ለአልሙኒየም በቂ ነው። ሞቃት አየር የሚነፋው ሂት ገን ይመረጣል። የብየዳ ቤት የኦክስጅን ነበልባል አታቅርቡበት። የዚንክ ቅይጥ 400 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል፤ አልሙኒየምም ከመቅለጡ በፊት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። ደግሞ የጨመራችሁት ዘይት ይቀጣጠላልና አስቀድማችሁ በደንብ ጥረጉት።

ፑለሩ የፑሌጃውን ጠርዝ እየሰበረ ነው

እግሮቹን ጠርዙ ላይ ስላስያዛችኋቸው ነው። የቺንጋ ቦይ ጠርዝ ቀጭን ነው፤ ጭነት የሚችለው ሻፍቱን ያቀፈው ወፍራም እምብርት ነው። የፑለሩ እግር እዚያ ካልደረሰ ሁለት ወፍራም ላሜራ በግማሽ ክብ አስቆርጣችሁ ከፑሌጃው ኋላ ሻፍቱን አስታቅፏቸው። ከዚያ በብሎን ከፊት ካለ ጠንካራ ብረት ጋር አያይዟቸውና መሃል ላይ ባለው ብሎን ሻፍቱን እየገፋችሁ ጎትቱ። የብረቱን ሥራ ማንኛውም ብየዳ ቤት ያደርግላችኋል።

ብሎኑን እስኪወጠር ብቻ አጥብቁ። የብሎኑን ራስ አንዴ መታ አድርጉና ተዉት። ተወጥሮ ሲያድር ጠዋት ለቆ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በካቻቪቴ ከሞተሩ ክዳን ጋር ፈልቅቆ ማውጣት ግን አይሞከርም፤ ክዳኑ ይሰነጠቃል።

የስፒንድሉ ፑሌጃ ከሆነ

እዚህ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። በብዙ ትራፓኖዎች ፑሌጃው የተቀመጠው ስፒንድሉ ላይ ሳይሆን ስፒንድሉ በውስጡ ከፍ ዝቅ በሚልበት ቱቦ ላይ ነው። ፑለሩ ስፒንድሉን ከገፋ ፑሌጃው አይወጣም፤ የታች ኩሽኔታዎች ግን ይጎዳሉ። በቅድሚያ ስፒንድሉን በታች በኩል አውጡ። ቀጥሎ ቱቦው አፍ ላይ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት አስቀምጡና ፑለሩ እሱን ይግፋ። አናቱ ላይ ትልቅ ዳዶ ካለ የክሩን አቅጣጫ አይታችሁ ፍቱት፤ በተቃራኒ የሚፈታ ሊሆን ይችላል።

ከወጣ በኋላ ሻፍቱንና ቀዳዳውን በሸራ ወረቀት አጽዱና ስስ ግሪስ ቀቡ። በሻፍቱ ቦይ ውስጥ የምትገባዋ ባለአራት ጎን ብረት ከተጨፈለቀች አዲስ አስቆርጡ። ስትመልሱት ፑሌጃው በእጅ መግባት አለበት፤ መዶሻ ከጠየቀ ያልጸዳ ቦታ አለ። ሁለቱን ፑሌጃዎች በቀጥ ያለ ብረት አስተያዩና ቪቴዎቹን አጥብቁ። ቺንጋውን መሃሉ ላይ በአውራ ጣት ስትጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪረግብ ወጥሩት። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ሲያልቅ ሶኬቱን ንቀሉና ቪቴዎቹን እንደገና አጥብቁ፤ አዲስ የተገጠመ ፑሌጃ ቦታውን ሲይዝ ጥቂት ይላላሉ።