ስለ ዌልስ ዋንጫ ሲያወሩም ሲጽፉም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሁለቱ ተዋናዮች ራያን ሬይኖልድስና ሮብ ማክኤልሄኒ በ2021 የዌልሱን ክለብ ሬክሰምን ከገዙ ወዲህ፣ ኳስ ወዳድ ጓደኞቼ የክለቡን የድሮ ታሪክ እያነሱ ይጠይቁኛል። ጨዋታው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው የዌልስ ዋንጫ ላይ ነው። ይህ ጥሎ ማለፍ የተጀመረው በ1877/78 ሲሆን፣ ከእንግሊዙ ኤፍኤ ካፕና ከስኮትላንድ ዋንጫ ቀጥሎ የመጣ አንጋፋ ውድድር ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የእንግሊዝ ክለቦች እየተጋበዙ ስለተጫወቱበት፣ ታሪኩን ሲያነቡ መሳሳት ቀላል ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች ላንሳ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋንጫውን ያነሳ ክለብ አውሮፓ ይሄዳል ብሎ መደምደም

ዋናው ስህተት ይህ ነው። ያኔ የዌልስ ዋንጫ ዌልስን ወክሎ ወደ አውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ፣ ማለትም የየአገሩ ጥሎ ማለፍ አሸናፊዎች ወደሚገናኙበት ውድድር፣ የሚያሳልፍ መንገድ ነበር። አንድ ወዳጄ የ1984ቱን ፍጻሜ ውጤት አይቶ፣ «ሽሩስበሪ ሬክሰምን ካሸነፈ ፖርቶን የገጠመው እንዴት ሬክሰም ሊሆን ቻለ? የሆነ ስህተት አለ» አለኝ። ምንም ስህተት የለም። ሽሩስበሪ የእንግሊዝ ከተማ ክለብ ነው። ዋንጫውን መውሰድ ይችል ነበር፤ በአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ላይ ዌልስን ወክሎ መጫወት ግን አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህ ዕድሉ ለተሸናፊው ሬክሰም ተሰጠ።

ያኔ ሬክሰም በእንግሊዝ አራተኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት ክለብ ነበር። ፖርቶ ደግሞ በዚያው ዓመት በዚሁ የአውሮፓ ውድድር ፍጻሜ ደርሶ በዩቬንቱስ የተሸነፈ ቡድን ነው። ሬክሰም በሜዳው 1 ለ 0 አሸነፈ። የመልሱ ጨዋታ በዝናብ ነበር፤ ፖርቶ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ 3 ለ 0 መራ። ብዙዎች በቃ አለቀ ባሉበት ሰዓት ተከላካዩ ጄክ ኪንግ ከዕረፍት በፊት ሁለት ጎል መለሰ። ከዕረፍት በኋላ ፉትሬ አራተኛውን ለፖርቶ ሲያገባ ዕድሉ እንደገና ወደ ፖርቶ ዞረ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ግን ባሪ ሆርን የሬክሰምን ሦስተኛ ጎል አስቆጠረ። ጨዋታው 4 ለ 3 አለቀ፤ ድምሩ 4 ለ 4 ሆነና ከሜዳ ውጭ ባስቆጠራቸው ጎሎች ሬክሰም አለፈ፤ ድምሩ ሲተካከል ከሜዳው ውጭ ብዙ ያገባው ያልፍ ነበርና። በቀጣዩ ዙር በሮማ ተሸነፈ እንጂ ያቺ ሌሊት እስከ ዛሬ ትወራለች። ያ የፖርቶ ቡድን ከሦስት ዓመት በኋላ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል። ታዲያ ይህ ሁሉ የመጣው በፍጻሜ ከተሸነፈ ቡድን ነው!

በ1985ም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ሽሩስበሪ ባንጎር ሲቲን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ አትሌቲኮ ማድሪድን የገጠመው ግን ባንጎር ነው። በ1990 የእንግሊዙ ሄርፎርድ ዩናይትድ ሬክሰምን 2 ለ 1 ሲረታም፣ በቀጣዩ የውድድር ዘመን ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር የተገናኘው ሬክሰም ነበር። ስለዚህ አንድን ዓመት ሲያዩ «ማን አሸነፈ?» የሚለውና «ማን ዌልስን ወከለ?» የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን አይርሱ።

ነገሩን ከሄይስል ቅጣት ጋር ማያያዝ

«የእንግሊዝ ክለቦች ታግደው ስለነበር ነው» የሚሉ አሉ። የሄይስል አደጋ፣ ሊቨርፑልና ዩቬንቱስ ሊጫወቱ ሲሉ ብራሰልስ ስታዲየም ውስጥ ብዙ ሰው የሞተበትና የእንግሊዝ ክለቦችን ከአውሮፓ ያሳገደው፣ የደረሰው በግንቦት 1985 ነው፤ የሬክሰምና የፖርቶ ግጥሚያ ከዚያ በፊት ነው። ተጋባዦቹን ከአውሮፓ ያስቀረው ዜግነታቸው እንጂ ቅጣቱ አይደለም።

ተጋባዦቹን እንደ ማሟያ መቁጠር

ከ1933 እስከ 1940 ስምንት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን የወሰዱት የእንግሊዝ ክለቦች ናቸው፤ ቼስተር፣ ብሪስቶል ሲቲ፣ ትራንሜር፣ ክሩ ሁለት ጊዜ፣ ሽሩስበሪ፣ ደቡብ ሊቨርፑልና ዌሊንግተን ታውን። ሽሩስበሪ በታሪኩ ስድስት ጊዜ አንስቶታል። ግብዣው ከመልክዓ ምድር የመጣ ነው። ለሰሜን ዌልስ ክለብ ቼስተር የቅርብ ጎረቤት ናት፤ ካርዲፍ ግን ከተራራው ማዶ ያለች ሩቅ ከተማ ናት። በእኔ እምነት ውድድሩን ያከበሩት እነዚህ እንግዶች ናቸው። የዌልስ ትንንሽ ክለቦች ጠንካራ ተጋጣሚ በየዓመቱ ያገኙት በእነሱ ነው።

በእንግሊዝ ሊግ የሚጫወተውን ሁሉ እንግዳ ማለት

ካርዲፍ፣ ስዋንሲና ሬክሰም በእንግሊዝ ሊግ ይጫወታሉ፤ ግን የዌልስ ክለቦች ናቸው፤ በዋንጫው ላይ ባለቤት እንጂ ተጋባዥ አልነበሩም። ካርዲፍ በ1927 አርሰናልን 1 ለ 0 አሸንፎ ኤፍኤ ካፕን ከእንግሊዝ ያወጣ ብቸኛው ክለብ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የዌልስ ዋንጫንም ወስዷል። በተቃራኒው ዘ ኒው ሴይንትስ የተባለው ክለብ ሜዳው እንግሊዝ ውስጥ ኦስዌስትሪ ነው፤ የሚጫወተው ግን በዌልስ ሊግ ነው። የክለቡን ማንነት በካርታ ብቻ አይወስኑ።

የድሮውን ደርሶ መልስ በኋላ በመጣ ሕግ ማስላት

የ1962 አሸናፊው ባንጎር ሲቲ ናፖሊን በሜዳው 2 ለ 0 ረቶ፣ በጣሊያን 3 ለ 1 ተሸነፈ። ድምሩ 3 ለ 3 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ከሜዳ ውጭ ጎል ስላለው ባንጎር አለፈ» ይላል። ያ ሕግ ገና አልወጣም ነበር። ሦስተኛ ጨዋታ ለንደን ውስጥ በሃይበሪ ተደረገና ናፖሊ 2 ለ 1 አሸነፈ። የእነዚያን ልጆች ነገር ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ግብዣው ዛሬም ያለ መምሰል

የዌልስ የራሱ ብሔራዊ ሊግ በ1992 ተመሠረተ። ከ1995 በኋላ የእንግሊዝ ክለቦች ብቻ ሳይሆኑ በእንግሊዝ ሊግ የሚጫወቱት የዌልስ ክለቦችም ከዋንጫው ወጡ። በ2011 ለስድስት የዌልስ ክለቦች ጥሪ ቀርቦ ሬክሰም፣ ኒውፖርትና ሜርተር ብቻ ተቀበሉ፤ ወደ አውሮፓ የሚያሳልፍ መንገድ ስላልተፈቀደላቸው ግብዣው አልዘለቀም። ሬክሰም ዋንጫውን 23 ጊዜ በማንሳት ባለ ክብረ ወሰን ነው፤ የመጨረሻው ድሉ ግን ካርዲፍን 2 ለ 1 ያሸነፈበት የ1995ቱ ነው።