«ጥናት አረጋግጧል» ሲባሉ

ደብረ ማርቆስም ሆኑ ቡሬ፣ «የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ልጃገረድ ያመክናል፤ ጥናት አረጋግጧል» የሚል ቪዲዮ በቴሌግራም ከደረሰዎት የጥናቱን ርዕስ ይጠይቁ። ርዕሱን የሚነግርዎት ከጠፋ ለማንም አይላኩት። ከተነገረዎት ፐብሜድ በሚባለው ነፃ የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ ይፈልጉት። ጥናቱ ተሽሮ ከሆነ፣ ማለትም ያሳተመው መጽሔት አይታመንም ብሎ ከሰረዘው፣ እዚያው በግልጽ ተጽፎ ያገኙታል። ካልተሻረም ስንት ሰው ላይ እንደተጠና ይዩ። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የእንግሊዛዊው ሐኪም የዌክፊልድ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሲወጣ ያየው 12 ሕፃናትን ብቻ ነበር። መጽሔቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሻረው። ዛሬም እንደ ማስረጃ ሲጠቅሱት መስማት በጣም ያሳዝናል፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ልጆች ናቸውና። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት ርዕሱን ይዘው የቀበሌዎን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያማክሩ።