ጋይላርዲያን በከተማ ግቢ ማብቀል

ጋይላርዲያ የሚባለው አበባ የዱር ዓይነቱ፣ በተለይ ፑልቼላ የሚባለው የአንድ ዓመት ዝርያ፣ አገሩ የዩናይትድ ስቴትስ ደቡብና ሰሜናዊ ሜክሲኮ ነው። አሸዋና ፀሐይ ለምዷል። ፒያሳም ሆነ ካዛንቺስ ግቢ ውስጥ የሚገድለው ድርቅ ሳይሆን ክረምት ነው፤ ውሃ የቋጠረ ጭቃ ሥሩን ያበሰብሰዋል።

ስለዚህ ዝናቡ ሲያባራ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ዝሩት። 2 እጅ ቀይ አፈር ከ1 እጅ ሻካራ አሸዋ ጋር ቀላቅሉ፤ የምትዘሩበት ሳጥን ከታች የተበሳ ይሁን። ዘሩን ላዩ ላይ በትናችሁ በመዳፍ ጫን ጫን አድርጉት። ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አታልብሱት፤ «አልበቀለም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የተቀበረ ነው። ክዳኑ በመርፌ በተበሳሳ ሃይላንድ አጠጡ፣ በጆግ ከተደፋበት ዘሩ ተጠርጎ ይሄዳል። ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይበቅላል፤ የሌሊቱ ብርድ ከበረታ ይዘገያል።

ችግኙ 4 እውነተኛ ቅጠል (ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የዘር ቅጠሎች በኋላ የሚመጣውን) ሲያወጣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት አዛውሩት። ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይሻል፤ አጠገባችሁ ፎቅ ካለ ጥላው ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የት እንደሚያርፍ አስቀድማችሁ እዩ። ፍግ ማብዛት ደግነት አይደለም፦ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ግንዱ ይጋደማል፣ አበባው ያንሳል። ከተጠቀጠቀና አየር ካጣ ደግሞ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ይይዘዋል።

የጠወለገውን አበባ ከነዘንጉ ቁረጡ፤ ሌላ ያወጣል። ለዘር የምትተዉት ግን ክብ፣ ሻካራ ራሱ ደርቆ በጣት ሲነካ እስኪፈረፈር ይቆይ። ዘሩን በወረቀት ጠቅልሉት፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ያሻግተዋል።