ለረጅም የእግር ጉዞ ባትንና የተረከዝ ጅማትን ማዘጋጀት

ባት በዋናነት ሁለት ጡንቻ ነው። ከቆዳ ስር ጎልቶ የሚታየው ከጉልበት በላይ ይነሳል፤ ከሱ ስር ያለው ጠፍጣፋው ደግሞ ከጉልበት በታች ይጀምራል። ሁለቱም ወደ ታች ተጋጥመው አኪለስ የሚባለውን የተረከዝ ጅማት ይሠራሉ። ለሰዓታት በእርጋታ ሲጓዙ ብዙውን ሸክም የሚችለው ጠፍጣፋው ነው።

ጡንቻ በጥቂት ሳምንታት ይጠነክራል። ጅማት ግን የደም አቅርቦቱ አነስተኛ ስለሆነ ሸክም ለመልመድ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚጎዳው ባቱ ቀለል ብሎት ርቀቱን በአንዴ ሲጨምር ነው። ስለዚህ የሳምንቱ ረጅም ጉዞ 10 ኪሎ ሜትር ከነበረ፣ ቀጣዩ ከ11 ወይም ከ12 አይለፍ። ርቀትና ዳገት በአንድ ሳምንት አብረው አይጨመሩ። ተረከዙ ከፍ ካለ ጫማ ወደ ዝቅተኛ መቀየርም ጅማቱን ይበልጥ ስለሚስብ፣ አዲሱን ጫማ በአጭር መንገድ ይልመዱት።

ዋናው ልምምድ ደረጃ ጫፍ ላይ ነው። ግድግዳ ወይም መደገፊያ ይዘው በእግርዎ ፊት ብቻ ይቁሙ። በሁለቱም እግር ተረከዝዎን ያንሱ፣ ክብደትዎን ወደ አንዱ ያዙሩ፣ ከዚያ 3 ሰከንድ እየቆጠሩ ቀስ ብለው ይውረዱ። በአንድ እግር 15 ጊዜ፣ 3 ዙር፣ በየሁለት ቀኑ። ከዙሮቹ ከፊሉን ጉልበት ዘርግተው፣ ከፊሉን አጠፍ አድርገው ይሥሩ፤ ጉልበት ሲታጠፍ የጠፍጣፋው ጡንቻ ድርሻ ይጨምራል። ሲቀልልዎ 5 ኪሎ ያህል በጀርባ ቦርሳ ይያዙ። የተለመደው ስህተት ቶሎ ቶሎ መንጠርና ክብደትን ወደ ትንሿ ጣት ማጋደል ነው። ሕመሙ ጅማቱ ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያዝበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ከደረጃው በታች አይውረዱ፤ መሬት ላይ ይሥሩት።

ሪፍሌክስም፣ ማለትም ጡንቻ ሳናስበው በቅጽበት የሚሰጠው ምላሽ፣ ይደክማል፤ ይህን ብዙዎች አያስቡትም። ቁርጭምጭሚት ድንገት ሲጠመዘዝ፣ ጡንቻ ውስጥ ያሉ መለጠጥን የሚለኩ ሕዋሳት ለሕብለ ሰረሰር መልእክት ይልካሉ፤ ጡንቻውም አንድ አስረኛ ሰከንድ ሳይሞላ ይኮማተራል። ከብዙ ሰዓት ጉዞ በኋላ ይህ ምላሽ ይዳከማል። ጫማዎ ትንንሽ ጠጠር መምታት ከጀመረ፣ ወይም እግርዎ መሬት ላይ ጧ እያለ ካረፈ፣ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው፦ 10 ደቂቃ ይቀመጡ፣ ከዚያ እርምጃዎን አሳጥረው በዱላ ይሂዱ፤ በተለይ ቁልቁለት ላይ። ቤት ውስጥ ደግሞ በአንድ እግር 30 ሰከንድ መቆምን ይለማመዱ፤ ከለመዱት በኋላ ዓይን ጨፍነው ይሞክሩ።

ጉዞው በዝቶ እንደሆነ የሚታወቀው በማግስቱ ጠዋት ነው። ባት ውስጥ የሚሰማ ቁርጥማት ከ1 እስከ 3 ቀን ቢቆይ የተለመደ ነው። ከተረከዝ አጥንት ከ2 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የሚሰማ ሕመም ግን የጅማት ነው። በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ድርቅ ብሎ በጥቂት ደቂቃ ከለቀቀ ርቀቱን ሳይጨምሩ ይቀጥሉ። ግማሽ ሰዓት ካለፈው ግን ርቀቱን በግማሽ ይቀንሱ። ሙሉ በሙሉ መተኛት አይመከርም፤ ሸክም ያጣ ጅማት ይበልጥ ይዳከማል።

በጉዞ ላይ ከኋላ የተመቱ ያህል ተሰምቶዎት እግርዎ ከከዳዎት፣ በሆድዎ ተኝተው ሌላ ሰው ባትዎን ይጭመቅ። የእግር መዳፍዎ ካልተንቀሳቀሰ ጅማቱ ተበጥሶ ይሆናል፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይዩ። የአንድ እግር ባት ብቻ አብጦ ከሞቀ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል አይታሽ፤ ሳይውል ሳያድር ይታይ። ከጀርባ ሕመም ጋር የእግር መደንዘዝ መጥቶ በአንድ እግር ተረከዝ ማንሳት ካቃተዎት ደግሞ ነርቭዎ ይመርመር። ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ሌቮፍሎክሳሲን የተባሉትን አንቲባዮቲኮች የሚወስዱ ሰዎች፣ በተለይ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ወይም ስቴሮይድ የሚጠቀሙ፣ ጅማታቸው የመበጠስ ዕድሉ ስለሚጨምር ረጅሙን ጉዞ ያዘግዩ፤ መቼ እንደሚመለሱበትም ሐኪማቸውን ይጠይቁ።