ዩሪያው የት ገባ? በአሸዋማ መደብ ላይ ፈሳሽ ማዳበሪያ ሲያስቸግር

ጅማ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቀይ አፈር ነው። ወንዝ ዳር አትክልት የሚያለማ ግን ጎርፍ ያመጣው አሸዋ ላይ ይተክላል። አፈሩን አርጥበው ይጨብጡት፤ ሲለቁት ከተበተነ የሚከተለው ይመለከትዎታል።

ጎመኑ ማዳበሪያ ባገኘ በሳምንቱ መልሶ ይገረጣል

ቢጫው ከታችኞቹ ቅጠሎች ከጀመረ የጎደለው ናይትሮጅን ነው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም አሸዋ አይዘውም፤ አንድ የክረምት ዶፍ ከሥሩ በታች ይዞት ይወርዳል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን መጠን እንጨምራለን። እኔም ጨምሬ አይቻለሁ፤ ያተረፍኩት የተቃጠለ ችግኝ ነው። መጨመሩን ትተው ይከፋፍሉት፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዩሪያ በ10 ሊትር ውሃ አሟሙተው በየሳምንቱ እርጥብ መደብ ላይ፣ ሥሩ አካባቢ ያጠጡ። ሲሟሟ ባልዲው ይቀዘቅዛል፤ የዩሪያ ጠባይ ነው፣ አይደንግጡ። ካጠጡ በኋላ በላዩ ውሃ አያብዙ፤ ያጠጡትን መልሰው እያጠቡት ነው።

ቢጫው ከአዲሱ ቅጠል ከጀመረ ድኝ ወይም ብረት ይጠርጥሩ፤ ዩሪያ አይረዳም። ድኝ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለው ማዳበሪያ) ውስጥ አለ። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ስለማይሟሟ የመርጫውን አፍ ይደፍናል፤ ሲተክሉ አፈር ውስጥ ይቅበሩት።

ከርጭት በኋላ የቅጠሉ ጫፍ ይደርቃል

ወይ የዩሪያው ውሃ ወፍሯል፣ ወይ ፀሐይ ላይ ተረጭቷል። በ20 ሊትር መርጫ ከ100 ግራም ዩሪያ አይለፉ፤ በማለዳ ወይም ወደ ማታ ይርጩ። የነደደው ቅጠል አይመለስም፣ አዲሱን ይጠብቁ።

የቲማቲሙ ቂጥ ይጠቁራል

ተባይ አይደለም። መደቡ አንዴ ደርቆ አንዴ ሲጥለቀለቅ ካልሲየም ፍሬው ጋ አይደርስም፤ ዩሪያ ሲበዛ ደግሞ ይብሳል። ደረቅ ሣር ወይም የሙዝ ቅጠል ጎዝጉዘው በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ያጠጡ።

የፍግ ውሃ ቢሰጡትም ለውጥ የለም

ምናልባት በጣም ቀጥኗል። ፍጉን በጆንያ ቋጥረው በርሜል ውሃ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይዘፍዝፉት፤ ከዚያ ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ ያቅጥኑት። ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠል ላይ አይፍሰስ፤ በጥሬው ለሚበላ ሰላጣ ደግሞ ጭራሽ አይሞክሩት።

ሁሉን አግኝቶ ቀትር ላይ ይጠወልጋል

አንዱን ይንቀሉ። ሥሩ ላይ የማይላቀቅ እባጭ ካለ ኔማቶድ (ሥር የሚያጠቃ በዓይን የማይታይ ትል) ነው፤ አሸዋ ይመቸዋል፣ ማዳበሪያም አያድነውም። ሥሩን ለቅመው ያቃጥሉ፤ ቲማቲምና ቃሪያ ቶሎ እዚያው መደብ ላይ አይመልሱ። በአደንጓሬ ሥር ላይ በጣት ሲነካ የሚላቀቀው ኳስ ግን ናይትሮጅን የሚያዘጋጅ ወዳጅ ነው፣ አይንኩት።

አሸዋው ራሱ ውሃና ማዳበሪያ እንዲይዝ ከፈለጉ ኮምፖስት ያብሉት። በእኛ አገር የቡና ገለፈት ሞልቷል። ትኩሱን ግን አይጨምሩ፤ ከፍግ ጋር ከምረው፣ እያገላበጡ፣ ጠቁሮ የአፈር ሽታ እስኪያመጣ ይጠብቁ።